ድምፄን ሳይጠይቁኝ ለሰው ላዋሱት ለተከበሩ ሰብሳቢያችን

ለተከበሩ አቶ ሰይፈ ሥላሴ የሺዋስ
የጓሳ የኪነት ማኅበር ሰብሳቢ
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። የዘንድሮው ውርጭ ጉሮሮዎን እንዳልነካብዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ጉሮሮዎ ከእንግዲህ የግልዎ ብቻ አይደለም፣ የእኔም ሥራ መግቢያ ሆኗልና።

ይህን ያወቅሁት ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመለስ፣ በቻላቸው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ በመስኮቱና በአንድ ጆንያ ድንች መካከል ተጣብቄ ነው። ሾፌሩ ቻላቸው እንደ ልማዱ ሥራዬን የሚያሰማበትን ፍላሽ ሰካ። እኔም የራሴን ፖድካስት ልሰማ ጆሮዬን አቀናሁ። «ስሜ ሠርካለም ፀጋው ነው፤ ተዋናይት ነኝ፤ አሁን የምትሰሙት ድራማ ነው» የሚለው መግቢያዬ መምጣት ሲገባው፣ የእርስዎ የከበረ ድምፅ መጣ፦ «ከጓሳ የኪነት ማኅበር የተላለፈ። አዘጋጅ ሰይፈ ሥላሴ የሺዋስ።» ከዚያ በኋላ የተሰማው ሁሉ እኔ ነበርኩ። ሳቁ የእኔ፣ ለቅሶው የእኔ፣ በሁለት ቃል መካከል የሚሰማው ትንፋሽ እንኳ የእኔ። ስሜ ብቻ የለም። ቻላቸው በመስታወቱ አየኝና «ሠርኬ፣ ዛሬ ደግሞ ሽማግሌ አስቀድመሽ ነው እንዴ የምታወሪው?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልዎ ግማሹን ቆሜ ነው።

እርስዎ በስብሰባ ላይ «ነጥብ በነጥብ» ማለት ስለሚወዱ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሰጡኝ ሚናዎች አመሰግናለሁ። የቴያትር ትምህርቴን በዲግሪ ጨርሼ ወደ አገሬ ስመለስ፣ የማኅበራችን መድረክ በትሪ ተቀብሎኛል። ትሪ ይዤ ገብቻለሁ፣ ትሪ ይዤ ወጥቻለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ትሪውን አስቀምጬ «ጌቶች መጥተዋል» እንድል ተፈቅዶልኝ ነበር፤ በመክፈቻው ዋዜማ ግን ጌቶች ራሳቸው «መጥቻለሁ» ካሉ ይበቃል ተብሎ ተሰረዘ። ቅር ብሎኝ ስጠይቅዎ «ልጄ፣ ተራሽን ጠብቂ» አሉኝ። ጠበቅሁ። ተራ የሚደርሰው ግን ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ነው፤ የእኛ ሰልፍ ፊተኛው ሰው ወንበር አስመጥቶ የተቀመጠበት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሙያ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ፖድካስት ልጀምር ነው ብዬ ላማክርዎ በመጣሁ ጊዜ «ተዋናይ መድረክ ላይ ይታያል፤ ተደብቆ የሚያወራ ደላላ ነው» ብለው ሸኙኝ። እኔም ተደብቄ ለማውራት የተሻለ ቦታ ፍለጋ ወደ አጎቴ ወደ ይስማው የእህል መጋዘን ሄድኩ። ባዶ ክፍል ድምፅን እንደ ገደል ይመልሰዋል፤ የገብስ ጆንያ ግን ውጦ ያስቀረዋል። በጆንያዎቹ መካከል እንደ ጎጆ ያለች ክፍተት ሠራሁ፣ ስልኬን በትንሽ ማይክ አስታጥቄ ገባሁ፣ ጋቢ ተከናነብኩ፣ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን የለቅሶ ክፍል ስቀርጽ አጎቴ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ «ገብሱን አስለቀስሽው እኮ፤ ረጥቧል ብሎ ገዢ እንዳይመልስብኝ» አለኝ። እስከዚያ ቀን ስለ ትወናዬ ከማንም የሰማሁት ትልቁ አስተያየት ይህ ነበር፤ ከእርስዎ ማኅበር ግምገማዎች ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ማለቴ ነው።

የፖድካስቱን ስም «ያልተሰጠኝ ሚና» አልኩት። አሠራሩ ለእርስዎ ስለማያስፈልግዎ አልነግርዎትም፤ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለሚያነቡና በየመድረኩ ትሪ ለያዙ ወጣቶች ግን ልንገር። ማንም ያልሰጣችሁን ሚና ራሳችሁ ጻፉት፣ ራሳችሁ ተጫወቱት። ቀጥሎም ያንን ኑሮ በእውነት የሚኖረውን ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩት፤ እኔ በቅሎ ነጂዋን ከተጫወትኩ በኋላ እውነተኛዋን በቅሎ ነጂ ጋብዤ «እንዲህ አይጮህባትም፣ በቅሎ ትታዘባለች» ብላ አርማኛለች፤ እርማቷንም ሳልቆርጥ አስተላልፌዋለሁ። አድማጭ የሚመለሰው ስትማሩ ስለሚሰማችሁ ነው። አንድ ክፍል ሳቅ፣ አንዱ ቁጣ፣ አንዱ ሽምግልና ይሁን፤ ሥራ ሰጪ ሲመጣ ምን እንደምትችሉ በቃል አትነግሩትም፣ ታሰሙታላችሁ እንጂ። ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ደግሞ ኢንተርኔትን ብቻ አትጠብቁ። እኔ ለስልክ ቤቶችና ለሾፌሮች በፍላሽ አድላለሁ፤ ከዳባት እስከ ድብ ባሕር መንገዱ ረጅም ነው፣ ተሳፋሪውም አይሸሽም። ከሁሉም በላይ ስማችሁን መጀመሪያ ላይ ተናገሩ። ይህን የመጨረሻውን ምክር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬን ወደ ሦስተኛው ነጥብ አሻግረዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ከአንዱ ስልክ ቤት ሥራዬን አስገልብጠው፣ መግቢያውን ቆርጠው፣ በራስዎ ድምፅ ተክተው ለሾፌሮች በማደል ስለ ደከሙ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ ስሜ ለምን እንደ ወጣ ስጠይቅ «ስምሽ ገና ትንሽ ነው፤ የማኅበሩ ስም ያሳድግሽ» አሉኝ። እኔም ስሜን ለጊዜው ተውኩትና አንድ ነገር ብቻ ለመንኩዎ፦ ከቆረጧቸው ክፍሎች በአንዱ መርዶ አለበት፣ ደርቤ የሚባል የድብ ባሕር ነጋዴ በበየዳ መንገድ ገደል ገብቶ ሞተ ይላል፣ ሚስቱም ስትረዳ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ «የምትሰሙት ድራማ ነው» የሚለው እንኳ ይመለስ አልኩ። እርስዎም «ሕዝባችን ንቁ ነው» ብለው አሰናበቱኝ።

ሕዝባችን በእርግጥ ንቁ ነው። የእርስዎን ድምፅ የሰማ ሁሉ ነቅቷል። «የተላለፈ» ብለው ሲጀምሩ ድምፅዎ ከመንግሥት ማስታወቂያ አይተናነስም፤ ማስታወቂያ ደግሞ አይዋሽም ተብሎ ይታመናል። ድብ ባሕር ላይ የወረደ አንድ ተሳፋሪ የሰማውን ለጎረቤት ነገረ። እንደ አጋጣሚ እዚያው ደርቤ የሚባል የበግ ነጋዴ አለ፤ ጭራሽ በዚያው ሰሞን በግ ሊገዛ በየዳ ወጥቷል፤ ስልኩም አይሠራም። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ተማከሩ፣ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ ሚስቱን ዘቢደርን አረዷት። ድንኳን ተተከለ። አገር ተላቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ሟቹ በጎቹን እየነዳ መጣ። ደጃፉ ላይ ድንኳን ሲያይ ከቤቱ ሰው የሞተ መሰለው፤ በትሩን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ «ማን ነው የሞተብኝ? ኧረ ማን ነው?» እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። ከለቀስተኛው ግማሹ ሸሸ፤ ግማሹ ከእሱ ጋር አለቀሰ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ክንዱን ይዘው «ረጋ በል ልጄ፣ አንተ ነህ» አሉት ይባላል።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ የሚስቅ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ዘቢደር ግን ከማለዳ እስከ ከሰዓት ባሏ ሞቶባት ውላለች። ያ ቀን በማንም ቀልድ አይመለስም።

አራተኛ፤ ስለ ፈጣን ትውስታዎ አመሰግናለሁ። የድብ ባሕር ሽማግሌዎች «ይህን ያስተላለፈ ማኅበር ማን ነው?» ብለው እስኪመጡ ድረስ ሥራው የማኅበሩ ነበር። እነሱ ደጃፍ እንደ ደረሱ ግን ድምፁ የሠርካለም መሆኑ ትዝ አለዎት። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ «የሐሰት መርዶ በማሰራጨት» ተብዬ ላልተወሰነ ጊዜ ታገድኩ፤ ድንጋይ ተሸክሜ ሟቹን ይቅርታ እንድጠይቅም ተወሰነ። ድንጋዩን የመረጡልኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ የሚመጥነኝን ከባድ ድንጋይ ስለፈለጉልኝ አመሰግናለሁ፤ በማኅበሩ ሳለሁ ከተሰጡኝ ነገሮች ሁሉ ክብደት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ሄድኩ። የሄድኩት ጥፋተኛ ሆኜ አይደለም፤ ያቺ ሴት ያለቀሰችው በእኔ ድምፅ ምክንያት ስለሆነ ነው። አቶ ደርቤ ደጃፉ ላይ አየኝና «የገደልሽኝ አንቺ ነሽ? በይ ድንጋዩን እዚያ ጣይውና ግቢ፤ ምሳ ቀርቧል» አለ። ከዚያም ሲያጎርሰኝ «እኔስ ተጠቀምኩ፤ የሚያለቅስልኝንም፣ ነጠላ ደፍቶ የሚያንቀላፋውንም በዓይኔ ለየሁ» ብሎ አንድ ጎረቤቱን በአገጩ አመለከተኝ። ዘቢደር ግን ምሳው እስኪነሣ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየች። በመጨረሻ «ያቺ በመኪናው ያለቀሰችው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ኋላ ጎረቤቶቼ በስልክ አሰሙኝ። እኔው የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ መቼ እንዲህ ብዬ አለቀስኩ ብዬ ግራ ገባኝ» አለች። ለተዋናይት ከዚህ በላይ የሚሰጥ ሽልማት የለም፤ እኔ ግን ሽልማቱን የተቀበልኩት አንገቴን ደፍቼ ነው፤ ምክንያቱም ያቺ ሴት አድማጬ መሆን ነበረባት እንጂ ሐዘንተኛ መሆን አልነበረባትም። ልዩነቱ እርስዎ በመቀስ የጣሏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

አምስተኛውን ነጥብ የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ባለፈው ሳምንት እገዳዬ ሳይነሣ ደወሉልኝ። ጎንደር ላይ የራዲዮ ድራማ የሚያዘጋጁ ወይዘሮ እናናዬ ያንን ለቅሶ ሰምተው የድምፁን ባለቤት ለዋና ገጸ ባሕርይ እንደፈለጓት፣ እርስዎም «የእህቴ ልጅ ባንቻየሁ ናት» ብለው እንደ መለሱላቸው እርስዎው ነገሩኝ። ቃልዎን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «አንቺ ታግደሻል፤ ስምሽን ልሰጥ አልችልም። ናሙናውን ብቻ በድምፅሽ ቅረጪልኝ፤ ባንቻየሁ እየሰማች ትለምደዋለች። ደግሞም መልክ ያላት እሷ ናት።»

ለራዲዮ ድራማ መልክ እንደሚያስፈልግ በትምህርት ቤት አልተነገረኝም ነበር፤ ስለ ዕውቀቱ አመሰግናለሁ። መልሴን ግን በስልክ ብሰጥዎ መግቢያውን ቆርጠው በሌላ ሰው ስም እንዳያስተላልፉት ስለሰጋሁ፣ እነሆ በአደባባይ።

ናሙናውን አልቀርጽልዎትም። ወይዘሮ እናናዬን በራሴ ስልክ አግኝቻቸዋለሁ፤ ስሜን፣ የጆንያ ስቱዲዮዬን፣ የድብ ባሕሩንም ነገር አንድም ሳልደብቅ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም «ነይና ፊቴ አንብቢልኝ» ብለዋል። ሰኞ እወርዳለሁ። ሚናውን ይስጡኝ አይስጡኝ የእሳቸው ፈንታ ነው፤ ቢከለክሉኝም በራሴ ስም ተከልክዬ እመለሳለሁ።

ከእንግዲህ ስሜ የወጣበትን ሥራ «ያሳድግሻል» ተብዬ አልቀበልም። ምስጋናው ሲመጣ የማኅበር፣ ወቀሳው ሲመጣ የእኔ የሚሆን ድምፅ የለኝም። በሌላ ሰው ጥፋት ድንጋይ አልሸከምም። ወንበር አስመጥቶ በተቀመጠ ሰው ጀርባም ተራ አልጠብቅም።

ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ ይርዘም፤ ጭብጨባዎም እንደ ታዛዦችዎ አይጉደል።

ከታላቅ አክብሮትና ከታናሽ ትዕግሥት ጋር፣
ሠርካለም ፀጋው
ተዋናይት

ማስታወሻ፦ ስሟ ስለተነሣበት ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ አስቀድማ ባንቻየሁ አንብባዋለች። ሁለት ግድፈት አርማልኝ፣ «መልክ ያላት» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀምጣ ትንሽ ወጣ ብላ ተመለሰች። ከዚያም ከታች አንዲት መስመር እንድጨምርላት ጠየቀችኝ፤ የእሷ ቃል ስለሆነ አልነካሁትም፦ «አጎቴ፣ ተዋናይት መሆን ትፈልጊያለሽ ወይ ብለህ እኔንም አልጠየቅኸኝም። ባንቻየሁ ነኝ።»