በአንደበታቸው ወፍጮ የተከሉት ወይዘሮ ፋናዬ ገብረ ማርያም

ወይዘሮ ፋናዬ ገብረ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ማርያም ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ማርያም ደስታ በ1927 ዓ.ም. በወርኃ መስከረም በጭላሎ አውራጃ ሳጉሬ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ታናሼን «እሳቸው» እያልኩ መጻፍ እጄን ቢያስቸግረውም ለሟች የሚገባ ክብር ነውና እንደ ደንቡ እሄዳለሁ። በየመሐሉ ቢያመልጠኝ እናንተ የተወደዳችሁ ለቀስተኞች ይቅር በሉኝ።

እናታችን ሲናገሩ እንደሰማሁት ወይዘሮ ፋናዬ ዓመት ሳይሞላቸው አፍ ፈቱ። ከዚያ ወዲህ ዝም የሚያሰኛቸው አልተገኘም። አባታችን ሞክረዋል፤ የኔታ ሞክረዋል፤ እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ ሞክሬአለሁ። «ዝም በይ፣ ይህ አፍሽ አንድ ቀን ያጠፋሻል» ያልኳቸውን ያህል አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጻድቅ ነበርኩ።

ለሴት ልጅ ፊደል በማይታሰብበት በዚያ ጊዜ፣ እኔን ለማድረስ ነው እያሉ ከየኔታ ደጅ ይመጡና ዛፉ ሥር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ሰምተው ዝም ቢሉ ደግ ነበር፤ ይጠይቃሉ። የኔታ አንድ ቀን ተማረሩና «አንቺ ልጅ፣ እኔ የማስተምረው ፊደል ነው፤ የፊደልን እናትና አባት ከየት ላምጣልሽ?» ብለው አባረሯቸው። በማግስቱ ተመልሰው መጡ። በመጨረሻ የኔታ ራሳቸው «በሉ አስገቧት፤ ውጭ ሆና ከምትጮህብኝ ውስጥ ሆና ትጩህ» አሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ንባብ ለመዱ።

በ1945 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለመስቀል ተሰማ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አቶ ኃይለመስቀል የትራክተር ነጂ፣ አንደበተ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ቁጥብ ባይሆኑስ መቼ ተራ ይደርሳቸው ነበር! ከበበውን፣ ተሻለችንና ቀለሟን ወልደው በመልካም አሳደጉ። በ1966 ዓ.ም. አቶ ኃይለመስቀል በሕመም ሲያርፉ ወይዘሮ ፋናዬ ልጆቻቸውን ታቅፈው ቀሩ። እኔም እንደ ወንድም ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ስኳርና ጨው እየመዘኑ እንዲኖሩ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ያንተ ሱቅ ሰው አይገባበትም፤ ከዝንብ ጋር ላውራ?» አሉኝ። የተዘረጋ እጅ እንዲህ ነው የሚመለሰው?

ሱቄ ሰው የማይገባበትን ምክንያትም ሳልጠይቃቸው አስረዱኝ። እናንተ የገጠር ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ በአርሲ ገበሬ ዘንድ ሰው ከሰው ሲገናኝ ጉዳይ አይቀድምም። የቤቱ፣ የልጁ፣ የከብቱ፣ የሣሩና የዝናቡ ደኅንነት ይጠየቃል፤ የተጠየቀውም በተራው ይጠይቃል። ጉዳይ የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። እኛ የከተማ ነጋዴዎች ግን ገበሬው አህያውን ሳያቆም «ስንት ትላለህ?» ብለን እንቀበለዋለን። «ይኼ እኮ ለእነሱ ሰውን እንደ ግድግዳ ማለፍ ነው» ይሉኝ ነበር።

እኛ ኦሮምኛ የምናውቀው ለገበያ ያህል ነው። እሳቸው ግን አጥር የምንጋራቸው ወይዘሮ ሀሊሜ ዘንድ እየሄዱ ሰላምታውን ከሥሩ ተማሩ። ወይዘሮ ሀሊሜም ቀላል አስተማሪ አልነበሩም። «ገና ነሽ፤ ጥጃውን ረሳሽው!» ብለው ከበር መልሰው እንደገና ያስጀምሯቸው ነበር።

መማሩስ ባልከፋ፤ ማቆሙን አለመማራቸው ነው እንጂ። አብረን አሰላ በሄድን ቁጥር አውቶቡስ ያመልጠናል። እኔ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ ሰቅዬ «ፋናዬ!» ስል፣ እሳቸው የማላውቀውን ሰው እጅ ይዘው «ላሚቷስ ወለደች?» ይላሉ። ሾፌሩ ልሄድ ነው ብሎ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ዞረው እሱንም የእናቱን ጤና ይጠይቁታል። ሲመልስላቸው ደግሞ እኔ የምቃጠለው!

በ1968 ዓ.ም. ኢተያ ሄደው ወፍጮ ቤት ከነበራቸው ከአቶ አብዶ ዘንድ ሥራ ለመኑ። አቶ አብዶ «ወፍጮ የወንድ ሥራ ነው፤ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያዞረው ቺንጋ ቀሚስሽን ይይዘዋል» አሏቸው። «እንግዲያው ሥራው ይቅርብኝ፤ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ላጫውት» አሉ። የሚከለክል ነገር አልነበረውምና ተቀመጡ። ኢተያ ሌላም ወፍጮ ነበር። ሰው ግን ባዶውን ትቶ አቶ አብዶ ደጅ መሰለፍ ጀመረ። አቶ አብዶ «ይህቺ ሴትዮ ምን አስነክታብኝ ነው?» እያሉ ይገረሙ ነበር። ውሎ አድሮ ሞተር ማስነሣቱን፣ ቺንጋ መቀጠሉን፣ የወፍጮ ድንጋይ መውቀሩን ሁሉ አስተማሯቸው። ቀሚሱንም በገመድ ማሰር መላ ሆነ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጣ ጊዜ ሳጉሬ ተመልሰው እንደ መሀይም ተመዘገቡ። አስተማሪው «እርስዎ ማንበብ ይችላሉ፤ ምን ሊሠሩ መጡ?» ቢላቸው «ሰው ልተዋወቅ» ብለው በግልጽ ነገሩት። እኔ በኀፍረት መንገድ ቀየርኩ። ይሁን እንጂ አቶ አብዶ አርጅተው ሥራውን ሲተዉና አሮጌ ሞተራቸውን ብዙ ሰው ሲፈልገው፣ ያገኙት እሳቸው ሆኑ። አቶ አብዶን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሌላው ሁሉ ስለ ሞተሩ ጠየቀኝ። እሷ ከሞተሩ በፊት ወገቤን ጠየቀችኝ» አሉኝ። በ1972 ዓ.ም. ወፍጮው ሳጉሬ ተተከለ። አብረዋቸው ፊደል የቆጠሩት ሴቶች በመጀመሪያው ቀን እህላቸውን ይዘው ደጁን ሞሉት።

በ1975 ዓ.ም. ግን ነገር መጣ። ወፍጮው ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ይግባ የሚል ሐሳብ ተነሣና ስብሰባ ተጠራ። ወፍጮው ከሄደ ልጆቹ የሚበሉት የላቸውም። ጊዜው ደግሞ ዝምታ የሚመከርበት ነበር፤ ከዚህ በላይ አልልም። ዋዜማውን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። «‹ልጆች አሉኝ፣ ተዉልኝ› ብለሽ ቁጭ በይ። አንድ ቃል እንዳትጨምሪ!» አልኩ። «እሺ ጋሼ» አሉ። እሺ ሲሉኝ ነው ይበልጥ የፈራሁት።

በስብሰባው ሰብሳቢው ከሌላ ቦታ የመጣ ወጣት ነበር። ይናገሩ ሲላቸው ተነሡ። ስለ ወፍጮ ይናገራሉ ስል፣ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ! ከፊት ረድፍ ጀምረው ሰውን በየስሙ።

ሰብሳቢው «ጓድ ፋናዬ፣ ወደ ነጥቡ ይግቡ» አለ።

«ልጄ፣ ሰላም ሳልል ምን ነጥብ አለኝ? ቱሳ! የልጅህ ሠርግ እንዴት አለፈ?»

አቶ ቱሳ የተጠየቀ ይመልሳልና ተነሥተው «በሰላም አለፈ። ዱቄቱን ሌላ ሥራ አስቁመሽ የፈጨሽልን አንቺ አይደለሽ?» አሉ።

«ዘይቱና፣ አራስ ነበርሽ፤ ሕፃኑስ?»

«ደኅና ነው። የገንፎውን እህል ተራ ሳልጠብቅ ፈጭተሽልኝ አይደል፣ እንዴት ደኅና አይሆን!» አሉ ወይዘሮ ዘይቱና።

እኔ ከኋላ ሆኜ ነጠላቸውን እጎትታለሁ። «ጠፋሽ! ልጆችሽን አስራብሽ! ቁጭ በይ!» እላለሁ። እሳቸው ነጠላውን ትተውልኝ ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፉ። ነጠላ ይዤ ቀረሁ። ስለ ወፍጮው ግን እሳቸው ትንፍሽ አላሉም። የተጠየቀው ሁሉ ሲመልስ ወፍጮውን ራሱ ያነሣዋል፤ አንዱ ስለ ተዝካሩ፣ አንዱ ስለ ዝናብ ቀን፣ አንዱ አህያው ስለታመመችበትና እህሉን በትከሻው ስላመጣበት ጊዜ። ሰብሳቢው ሰዓቱን ማየት ትቶ ሰውን ማየት ጀመረ። በመጨረሻም የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ኢዶሳ ቆሙና «ጓድ ሰብሳቢ፣ እኛ ተናግረን ጨርሰናል። የምን ድምፅ መስጠት ነው?» አሉ።

ወፍጮው በእጃቸው እንዲቆይ፣ በገበያ ቀን የማኅበሩ እህል እንዲቀድም ተወስኖ ተበተነ። ስንወጣ «ምን ብዬሽ ነበር?» ብዬ ተቆጣሁ። «ጋሼ፣ ስለ ወፍጮው እኮ አንድ ቃል አልጨመርኩም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ይህ ነው የሚያናድደው።

ከዚያ በኋላ በ1978 ዓ.ም. አሰላ ላይ ዳቦ ቤት ከፈቱ፤ ዛሬ ልጃቸው ተሻለች ይዛዋለች። ሥራ ልንጀምር ነው የሚሉ ሴቶች ምክር ሲጠይቋቸው ባዶ እጃቸውን ገበያ ይልኳቸው ነበር። ምንም ሳይገዙ፣ ምንም ሳይሸጡ ውለው፣ ማታ የማንን ስም እንዳወቁ ይጠይቋቸዋል። ያላወቀችውን «ነገም ሂጂ» ይሏታል። ወይዘሮ አበራሽ እዚህ ቆመዋል፤ ስንት ጊዜ እንደተመለሱ እሳቸው ያውቃሉ።

በ1980 ዓ.ም. ክረምት ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ቢደረግ እንደሚድኑ፣ ድምፃቸው ግን እንደማይመለስ በግልጽ ነገራቸው። እኔ ደስ አለኝ፤ ይዳኑ እንጂ ድምፅ ምን ያደርጋል! ልጆቹ አለቀሱ፣ ካህን መጣ፣ ሽማግሌ ተላከ። እሳቸው ግን «ድምፄን ወስዳችሁ ማንን ነው ይዛችሁ የምትመለሱት?» አሉ። ተለመኑ፣ አልሰሙም። አገር ያሳመነችን ሴት እኔ ወንድሟ አንድ ቀን እንኳ ማሳመን አቃተኝ። አሁንም ተናድጃለሁ። ቆሜ እያነበብኩ ተናድጃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። ጠያቂው ጆሮውን ከአፋቸው አስጠግቶ ያዳምጣል። በመጨረሻው ሳምንት አልጋቸው ጎን ተቀምጬ ሳለ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የለመንኩት ዝምታ ከቤቱ ሞላ። ይህን ነበር ለካ ስለምነው የኖርኩት? «ፋኒ፣ በይ እንጂ ተናገሪ» አልኩ። ዓይናቸውን ገልጠው እጄን ጨበጡኝ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ጥር 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ልጆቻቸውን ከበበው፣ ተሻለችና ቀለሟ ኃይለመስቀልን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና እናንተን ትተው ሄደዋል።

አንድ ነገር ልናገርና ልቀመጥ። ዛሬ ጠዋት የሳጉሬው፣ የኢተያውና የአሰላው እድር እያንዳንዱ የራሱን ድንኳን ጭኖ መጣ። የእስላም ጎረቤቶቻቸው ማኅበርም ድንኳን ይዟል፤ እሳቸውም የማኅበሩ አባል ነበሩ አሉ፤ መቼ እንደገቡ አላውቅም። «አባላችን ናትና እኛ እንተክላለን» በሚል የእድሮቹ ዳኞች ተፋጠጡ። ምሰሶ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ገመድ ተጎትቷል፤ «ታላቋ አንተ ነህ፣ አስማማን» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ቆምኩ። ወደ ቤቱ ዞሬ አየሁ። ይህን በአንድ አፍታ አስቃ የምትፈታው ሴት ከውስጥ ተኝታለች። በሉ እናንተው ተስማሙ፤ ካልሆነም ሁሉንም ትከሏቸው፤ ሜዳው ይበቃል። እኔ ከእንግዲህ የምቆጣው ሰው የለኝም።

የመጣችሁበት መንገድ ይባረክ፤ ለእናንተም ቀባሪ አያሳጣችሁ። የእህቴን የፋናዬን ነፍስ አምላከ አብርሃም ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልኝ፤ በዚያም የሚሰማት አያሳጣት። አሜን።

ታላቅ ወንድማቸው ገብረ መድህን ገብረ ማርያም