መስተዋት ውስጥ ስላለው የአባታችን ጋሻ

ለተከበሩ የከተማችን የአርበኞች ቤተ መዘክር ኃላፊ
ባሉበት

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሩ ላይ የሚፈትሹን ጠባቂዎችም ደኅና እንደሆናችሁ አምናለሁ። እኔ ከወንድሜ ሞት በቀር ደኅና ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ አሥር አለቃ ደመላሽ ደርቤ ባለፈው እሑድ ተቀብሯል። ዘመድ የሚሰበሰብበት ዋናው ለቅሶ ቅዳሜ በሜዳችን ይቆማል። በእኛ አገር የወታደር ለቅሶ ያለ መሣሪያ አይቆምም። እሱ ጠመንጃውን ጡረታ ሲወጣ ለመንግሥት አስረክቧል፤ የቀረው አባታችን ጣሊያንን ሲዋጋ የያዘው፣ በአባታችንም ለቅሶ ተይዞ የዞረው ጋሻ ነው። እሱን ደግሞ ቤተ መዘክርዎ ሲከፈት ሁለታችን በአደራ ሰጥተናችኋል። ለአንድ ቀን እንድትመልሱልኝ ብጠይቅ ለሰጡኝ መልስ ሁሉ ምስጋናዬ ይኸው።

፩ኛ፦ «ቅርስ ከገባ አይወጣም» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። አደራ ሲጠይቁት የሚመለስ ይመስለኝ ነበር፤ በስተርጅና አረሙኝ።

፪ኛ፦ ቢወጣ እንኳ ሁለቱም አስረካቢዎች በአካል መቅረብ እንዳለባቸው ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ደመላሽ ሞቷል ብል፣ እንግዲያውስ ወኪል ይላክ አሉኝ። ወንድሜ ከታዘዘበት ቀርቶ አያውቅም፤ አሁን ካለበት ግን ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ የለም።

፫ኛ፦ ለቀስተኛው እዚያው ከመስተዋቱ ፊት መጥቶ፣ አሥር አሥር እየሆነ፣ ድምፅ ሳያሰማ እንዲያለቅስ ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ዝግ መሆናችሁን ጠባቂው ሲነግረኝ ቸርነትዎ ሙሉ ሆነልኝ።

ዘመድ ከደብረ ኤልያስና ከመርጡለ ማርያም ተጠርቷል፤ ቀኑን መለወጥ አልችልም። ለቅሶውን ያለ ጋሻው ባቆመው ወንድሜን ተራ ሰው ነበር ማለቴ ነው። መስተዋቱን እንዳልሰብር ዕድሜዬን በሕግ የኖርሁ ወታደር ነኝ። አልቃሿን ወይዘሮ ያለምወርቅን ምን ይሻላል ብላት፣ «ሃምሳ አለቃ፣ እኔ መስተዋት አላወድስም» ብላኝ ሄደች።

ትናንት ተመልሼ መጥቼ ፊት ለፊቱ ቆምሁ። በመስተዋቱ ላይ የራሴ ፊት ከጋሻው ጋር ተደርቦ ታየኝ። ሁለታችንም ውስጥ ነበርን።

ስለዚህ የቀረኝን አንድ መንገድ በአክብሮት አሳውቃለሁ። ጋሻው ወደ ለቅሶው ካልመጣ፣ ለቅሶው ወደ ጋሻው ይመጣል። ቅዳሜ ማለዳ ዳሱን ከደጅዎ እንተክላለን። ድምፅ ግን እናሰማለን።

የአርበኛን ንብረት ከአርበኛ ልጅ እጅ በትጋት ለሚጠብቁልን ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎም ጽናት የሚመኝልዎ፣

ሃምሳ አለቃ ፍሥሐ ደርቤ
ከሮብ ገበያ

ማስታወሻ፦ እኔ ስሞት ልጆቼ ጋሻውን እንዳይለምኑ አዝዣለሁ። ሬሳዬን ለእናንተ ያስረክቡ፤ የገባ አይወጣምና መቃብር ከመቆፈር ይድናሉ። ቅዳሜ እንዳልሞት ብቻ ይጸልዩልኝ፤ ዝግ ናችሁ።