ሣጥኔ በሰው ቀብር

ሦስተኛው ወር፣ ቀን 9

ዝናብ። የቃሪያውን ችግኝ ተከልኩ፤ ግማሹን ዶሮዋ ጫረችው። ሽማግሌው ባሌ አጥሩን እሠራለሁ ካለ ከርሟል። ዛሬም ስጨቀጭቀው "ዶሮዋን እንረዳትና እንገላገል" አይለኝም? አጥር ከመሥራት ዶሮ መብላት ይቀለዋላ!

ከሰዓት በኋላ አያ ዌን መጣ፣ ጥሩምባውን በብብቱ ሸጉጦ። ታችኛው መንደር ቀብር ላይ ሲነፋ ውሎ መመለሱ ነው። ከሽማግሌው ጋር የሩዝ አረቄያቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ኦቾሎኒ አቀረብኩላቸው፣ ለቀብሬ ካሠራሁት ሣጥኔ ውስጥ ዘግኜ። ባዶ ሣጥን ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ እኔም ኦቾሎኒዬን የማኖረው እዚያው ነው። አይጥ አይደፍረውም።

"አያ ዌን፣ የአገሩን ሬሳ ሁሉ እየነፋህ ትሸኛለህ፤ ለራስህ ግን አንድ ሣጥን እንኳ አላሠራህም። አታፍርም?" አልኩት።

"እትዬ ላን፣ እኔ ብሞት ማን ይነፋልኛል? የሚነፋ ከሌለ ደግሞ ምን ብዬ እሞታለሁ!"

አጥንትና ቆዳ ነው ሰውዬው፤ ሳቁ ግን ቤት ይሞላል።

ሦስተኛው ወር፣ ቀን 15

ነገ ወደ ካይሊ ከተማ። ልጄ ሱፌን አያት ሆነች፤ ሕፃኑ ወር ሊሞላው ነው። እኔ እንግዲህ ቅድመ አያት... ጉድ እኮ ነው። ለድግሱ የምወስደውን እንቁላል ቀይ ቀለም ነከርኩት። ጣቶቼም አብረው ቀሉ።

የአባቶችን ክፍል፣ የሞቱት አያቶቻችን መታሰቢያ የቆመበትን፣ ጠረግኩ። ሁለቱን ሣጥኖች አራገፍኩ፣ ቀይ ጨርቃቸውን መልሼ አለበስኳቸው። የሽማግሌው በግራ፣ የእኔ በቀኝ፣ እንደ ወጉ። የሱ ግንባር ላይ ሽመላ ተቀርጿል፤ የእኔ ላይ የውሃ አበባ። አናጢው ሎንግ እጁ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር የቀረጻት ናት። እንጨቱ ከተዳርኩ በኋላ በገዛ እጄ ከተከልኳቸው ጥዶች ነው። በየዓመቱ አንድ አንድ እጅ ጥቁር የሙጫ ቀለም እቀባቸዋለሁ። ሁለቱንም እኔ። ሽማግሌው ሙጫው ገና ሲሸተው ፊቱ ያብጣል። አሁንማ መስታወት ሆነዋል።

አበባዬን ደባበስ ሳደርጋት ከበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል ለካ። "ለባልሽ እንኳ እንዲህ ስቀሽ አታውቂም" አለ።

"አንተንም በየዓመቱ ቀለም ብቀባህ ታምር ነበር" አልኩት።

ሦስተኛው ወር፣ ቀን 19

ዛሬ ከካይሊ ተመለስኩ።

ከሚኒባሱ ስወርድ ጥሩምባ ሰማሁ። አያ ዌን ደግሞ ለማን ይሆን የሚነፋው? አልኩ። ግን ይቆራረጣል... መሃል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ገባበት። ከስልክ ነው ለካ! ለራሱ ለአያ ዌን ነው! ከትናንት ወዲያ ደጁ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አሸለበ፣ በዚያው ቀረ። ምስኪን። አሟሟቱስ ለወዳጅ የሚመኙት ነው።

ሐዘን ልብስ ልቀይር ብዬ ቤት ገባሁ። ሽማግሌው የለም። የአባቶች ክፍል ወለል ላይ ኦቾሎኒ ተከምሯል። የእኔ ኦቾሎኒ። ቀና ስል የሱ ሣጥን ቦታው ላይ አለ። በቀኝ በኩል ግን... ባዶ ግድግዳ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። እነ አያ ዌን ግቢ፣ ድንኳኑ ሥር፣ ከሻማዎቹ ኋላ፣ የውሃ አበባዬ ፍጥጥ ብላ ታየኛለች! አያ ዌን ውስጧ ተኝቷል።

ጮህኩ። ደረቴን ደቃሁ። በሰው ለቅሶ ላይ "ሣጥኔን!" ይባላል እንዴ? አይባልም። "ወይኔ! ወይኔ!" ብቻ። ከሚስቱ በላይ አለቀስኩ። ከኋላዬ ሴቶቹ ሹክሹክታ ጀመሩ።

"ለመሆኑ ከአያ ዌን ጋር ምን ነበራቸው?" አለች አንዷ።

"ድሮ ይሆናላ፣ በልጅነት..." አለች ሌላዋ።

ይኸው ነው እንግዲህ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ስም ወጣልኝ።

የአያ ዌን ልጅ ጂያሹ ነጭ የሐዘን ልብሱን እንደለበሰ እግሬ ሥር ተንበረከከ። ግንባሩን መሬት አስነካ። "እማማ ላን፣ አባቴን ከውርደት አወጡልኝ። ሣጥኑን እተካለሁ" አለ። ተንበርክኮ ለለመነ ሐዘንተኛ እምቢ ይባላል? ሬሳ ደግሞ አንዴ ከተኛ አይነሳም። "ተነስ ልጄ፣ ተነስ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ሦስተኛው ወር፣ ቀን 20

ተቀበረ። አያ ዌንንም ሣጥኔንም ሸኘሁ። ተሸካሚዎቹ ዳገቱን ሲወጡ "አቤት ክብደቱ! አቤት እንጨት!" ይላሉ። ታዲያስ!

ሽማግሌው ስንመለስ መንገድ ላይ አወራ። ጠይቄው አይደለም።

"እኔ የሰጠሁት የራሴን ነበር። ዌን ጓደኛዬ ነው፤ ያለ ሣጥን ይቅበሩት? ሣጥን የሚያነሡትን ጎረምሶች 'የኔን አምጡ' አልኳቸው።"

የወንድ በግራ መሆኑንማ ልጆቹ ያውቃሉ። ግን ግራ የሚቆጠረው ከአባቶች መቀመጫ ነው፤ እነሱ ከውስጥ ግድግዳው ሆነው ወደ በሩ ሲያዩ። ይህን የማያውቅ ማን አለ? ከከተማ የመጡ ጎረምሶች! ከበሩ ገቡ፣ ከበሩ ቆጠሩ፣ የእኔን ተሸክመው ወጡ። ቀን ቆጣሪው ሬሳው ሣጥን እንዲገባ የቆረጠው መልካም ሰዓት ሊያልፍ ሲል ተጣድፈው አስተኙት። ቀይ ጨርቁ ሲገፈፍ አበባ! ሽማግሌው አየ። ምን ይበል? ሬሳ አንሡልኝ ይበል?

ይገባኛል። በደንብ ይገባኛል። ግን አላናግረውም።

አራተኛው ወር፣ ቀን 2

አሁንም አላናግረውም። የምንነጋገረው በዶሮዋ በኩል ነው። "ዶሮዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ምሳ ቀርቧል በይው።" እሱም "ዶሮ፣ ጨው አንሶታል በያት።" ሁለታችንም እሷን ለማባበል እህል ስለምንበትንላት ወፍራለች።

አራተኛው ወር፣ ቀን 18

ሱፌን ደወለች። "እማዬ፣ በአንድ ሣጥን አባዬን ታኮርፊያለሽ? እኛ ጋ ከተማ ነዪ። እዚህ እንደሆነ ሬሳ ያቃጥላሉ፤ በአንድ ሰዓት አለቀ" አለችኝ። አለቀ! ልጄ ናት ደግሞ።

እናቴ በረሃቡ ዓመት ስትሞት በሰሌን ጠቅልለው ነው የቀበሯት። ሰሌኑ አጭር ነበር። እግሯ ወጥቶ ቀረ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ሄጄ ልሸፍንላት ሰሌኑን ብስበው፣ ብስበው... አልደረሰም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሱፌን እንኳ።

ሣጥኔ ካለቀ ወዲህ ሞትን ፈርቼ አላውቅም ነበር። ይምጣ፣ ቤቴ ተዘጋጅቷል፣ እል ነበር። አሁን ሲያስነጥሰኝ እንኳ እደነግጣለሁ። አዲስ ለማሠራት እንዲያ ያለ ጥድ የለም። ተክዬ ልጠብቅ? በዚህ ዕድሜ?

አምስተኛው ወር፣ ቀን 5

በዓል። ሩዙን በቅጠል ጠቅልዬ ቀቀልኩ። ጂያሹ ከሚሠራበት የጫማ ፋብሪካ ደወለ። "እማማ፣ በትርፉ ወር ሣጥንዎ ይደርሳል" አለኝ። ዘንድሮ ስድስተኛው ወር ሁለቴ ነው፤ በትርፉ ወር ቤት የገባ ሣጥን ዕድሜ ይጨምራል። ልጁ ወጉን ያውቃል ማለት ነው!

ለዶሮዋ ነገርኳት፣ ጮክ ብዬ። ጥጉ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ "እሰይ" አለ፣ ለዶሮዋ።

ትርፉ ስድስተኛ ወር፣ ቀን 8

መኪናው መጣ። መንደሩ በሙሉ ተሰበሰበ።

ኧረ የጉድ አገር! ቢጫ፣ እንደ ከረሜላ የሚያብለጨልጭ። ጎንና ጎኑ ላይ የወርቅ ቀለም የተቀቡ የፕላስቲክ ዘንዶዎች ተለጥፈውበታል። የአንዱ ጅራት መንገድ ላይ ወድቆ ሾፌሩ በኪሱ ይዞት መጣ። አናጢው ሎንግ በከዘራው መታ አደረገው። ኳ! አለ።

"ጥሩ ነው" አለ ሎንግ። "ለጫማ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጂያሹ እስከ ጆሮው ቀላ። ፈቃድ ለምኖ፣ ከዚያ ሁሉ አገር አብሮት ተጭኖ ነው የመጣው። አንጀቴን በላኝ። "በጣም ያምራል ልጄ፣ አባትህ በአንተ ይኮራል" አልኩት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያ እንጨት ሁለት ክረምት አይችልም። ውሃ ይገባብኛል።

ትርፉ ስድስተኛ ወር፣ ቀን 13

የሽማግሌው ፊት አብጧል። ዓይኑ ጠፍቷል፣ ከንፈሩ ተገልብጧል፣ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ መስሏል። "ዶሮዬ፣ ያንን ሰውዬ ምን ነካው?" አልኩ።

"ንብ ነው በያት" አለ።

የምን ንብ? ሙሉ ፊቱን? የአባቶች ክፍልም ተቆልፏል። "አይጥ ገብቶ ነው በያት።" ይሄ ሰው አንድ ነገር እየሠራ ነው።

ትርፉ ስድስተኛ ወር፣ ቀን 14

አረቄ ሊገዛ ሲወጣ በመስኮት ገባሁ። አዎ፣ በመስኮት። ጉልበቴ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል።

የሱ ሣጥን ወደ እኔ ቦታ፣ ወደ ቀኝ ዞሯል። ጨርቁን ገለጥኩ። ሽመላው የለም፤ ተልጎ ጠፍቷል። በምትኩ... ምን ልበለው? ክብ ነገር። ቅጠል የበዛበት። ላዩ አዲስ ሙጫ ተቀብቶ ገና እርጥብ ነው። ክዳኑን ገፋ አድርጌ ወደ ውስጥ ባይ፣ ከራስጌው በኩል ሳንቃ ተደርቦ ውስጡ አጥሯል፣ ሣጥኑ ለቁመቴ እንዲሆን። ከግርጌው ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል።

ስዞር በሩ ላይ ቆሟል። የአረቄውን ገንዘብ ረስቶ ነው የተመለሰው ወይስ...

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት። ራሱን። ያለ ዶሮ።

"የውሃ አበባ።"

"ይሄ ጎመን ነው።"

"አበባ ነው አልኩሽ!"

"ቅጠሉ የጎመን፣ እግሩ የጎመን፣ ታጥቦ ድስት መግባት ነው የቀረው!"

"ታዲያ ጎመን ጠልተሽ ታውቂያለሽ?"

ሳቄ መጣ። ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፣ መሬት ቁጭ አልኩ። እሱም ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ስላበጠ አልሆነለትም።

"ይሄ ብርድ ልብስስ?" አልኩት።

ወደ በሩ ዞረ። "ለእግርሽ ነዋ" አለ። "በእንቅልፍሽ 'እግሯን ሸፍኑላት' ትያለሽ። ከተጋባን ጀምሮ ትያለሽ።"

ሳቄ ቆመ። ያውቅ ነበር ለካ። ይህን ሁሉ ዘመን።

"አንተስ በምን ልትቀበር ነው?"

"ዘንዶዎቹ ያምሩኛል።"

ውሸታም።

ሰባተኛው ወር፣ ቀን 3

ሎንግ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ዘንዶዎቹን ሁሉ ነቃቀለ። ከውስጥ ሌላ ሳንቃ ደረበበት። ጂያሹ ከመሄዱ በፊት ቆሞ ምስማር አቀበለው። አሁን ሲመታ ኳ አይልም። ቢጫውን በግራ አቆምነው፣ ጎመኔ በቀኝ። ሱፌን ፎቶውን አይታ "እማዬ፣ ጎመኑ ምንድን ነው?" ብትለኝ ተቆጣኋት። አበባ ነው አልኳት።

ዛሬ ጠዋት የሱን መቀባት ጀመርኩ። ሽማግሌው ከግቢው ጫፍ ቆሞ፣ አፍንጫውን በፎጣ ሸፍኖ፣ በክፍት በር ያዝዘኛል።

"እዚያ ጋ ሳስቷል!"

"ሁሉም ሳስቷል። አንድ እጅ ቀለም ምን ያደርጋል? የእኔን እስኪያክል በየዓመቱ መቀባት አለበት።"

"ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"ብዙ።"

"እኔ እኮ ሰባ አምስት ዓመቴ ነው፣ ሴትዮ።"

ብሩሹን አስቀመጥኩ። "ስማኝ! ቀለሙ ሳይበቃው እዚህ ውስጥ ትገባና እኔ አንተ ነህ አንቺ ነሽ የምባባለው አጥቼ ከዶሮ ጋር ስለፈልፍ ልክረም? ቀለሙ እስኪበቃው መሞት የሚባል ነገር የለም። ገባህ?"

ፎጣውን ከፊቱ አወረደ፤ ሽታውንም ረሳው።

"እሺ" አለ።

እሺ ብቻ። ያለ "ግን"፣ ያለ "ደግሞ"። የተጋባን ቀን እንኳ እንዲህ አላለኝም።