ከእህቴ ደጅ የወጣ ጆንያ

ሰኞ፣ ግንቦት 8። ማታ 1፡30

ደብተሬ፣ ዛሬም ያው ነው። ጋሪው፣ ጆንያው፣ የቆቦ ፀሐይ። አርባ ደጅ ዞርን። የሥራ ባልደረባዬ ዚነት ትገፋለች፣ እኔ እለያለሁ። የሚበሰብስ ወደ ግራ፦ ልጣጭ፣ የጫት ገራባ፣ የዶሮ ላባ። ሃይላንድና ፌስታል ወደ ቀኝ። ጠርሙስ ለብቻ። ቁራሽ እንጀራ ሲያጋጥመኝ ስሜው ነው ከብስባሹ የምጨምረው። እህል ነው፣ ነውር ነው።

ተፍቆ የተጣለ የሞባይል ካርድ ብዙ። ልጄ ሲሳይ ከሄደ ሦስት ወር። ጅቡቲ ደርሻለሁ ብሎ ደወለ፣ ባሕሩን ነገ እንሻገራለን አለ፣ ከዚያ ዝም። አላለቀስኩም። እንባዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ማክሰኞ 9። ከምሳ በኋላ

የብስባሹን ክምር የማገላበጥ ቀን። ከመሐል የተሰካውን ዱላ ነቅዬ ጨበጥኩት። መሞቅ አለበት፤ ካልሞቀ አልበሰበሰም ማለት ነው። ሞቀ አልሞቀ አላወቅኩም። ለዚነት ሰጠኋት። ኧረ ያቃጥላል አለች። መዳፌን ገልብጣ አየችው። ቀልቶ ነበር።

ዚነት ሰሞኑን ተለውጣለች። ገራባ ባየች ቁጥር በቃሚው ባሏ እያሾፈች ስትስቅ የምትውል ሴትዮ፣ አሁን አካፋውን ከእጄ ትነጥቀኛለች። "አብሽሪ፣ አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ አለሁ።" ምን ሆኜ?

ሐሙስ 11። 5 ሰዓት

የእታለማሁ ጆንያ። ታናሽ እህቴ ናት፣ ሁለት ቤት አልፋ ነው ያለችው። ሁልጊዜ ደጅ ቆማ ታቀብለኛለች፣ ጓንት አድርጊ እያለች ትነዘንዘኛለች። ዛሬ ጆንያው ብቻውን በር ላይ። ጠራኋት፣ አልወጣችም።

ለየሁት። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድግስ ያህል። ከስንዴና ከሽምብራ የተለቀመ እንክርዳድና ጠጠር፣ ሁለት ፌስታል ሙሉ። ይህን ያህል ስንዴ የሚለቀመው ለንፍሮ ነው። ንፍሮ ደግሞ ለለቅሶ። በሰፈሩ የሞተ ሰው የለም።

ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር። ፀጉር። ሹሩባው እንኳ አልተፈታም። ለፋሲካ እኔ ነኝ የሠራኋት። እታለማሁ ፀጉሯን የተላጨችው እናታችን የሞተች ጊዜ ብቻ ነው።

ፀጉር ይበሰብሳል። ወደ ግራ ጣልኩት። ቀጣዩን ጆንያ ከፈትኩ።

ዓርብ 12። ማታ

ሲሳይ ነው። መንገድ ላይ ያለ ሌላ ማን አለን?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው። ከእኔ ለመደበቅ ድምፅ ቀነሱ፣ በተላጨ ራስ ላይ ሻሽ አሰሩ፣ በር ዘጉ። ቆሻሻቸውን የምለየው እኔ መሆኔን ረሱ። ቂሎች። ሳቄ መጣ።

በእኛ አገር መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ያውም ዘመድ ተሟልቶ። አጎቴ ከጎብዬ ካልመጣ አይጀምሩም። ሥራ ገባሁ። ሃይላንድ ስረግጥ ዋልኩ።

ቅዳሜ 13። 10 ሰዓት

አጎቴ መጣ። ሚኒባሱ ሲያወርደው በዓይኔ አየሁት። በዚህ ሙቀት ጥቁር ኮት። ነገ ነው እንግዲህ።

ክምሩ ጋ ተመለስኩ፣ በእጄ ጫርኩት። ሹሩባውን አገኘሁት። ልጣጭ ለብሷል። ይሞቃል። ሙቀቱ ተሰማኝ፣ እስከ ክርኔ። እጄን ማውጣት አቃተኝ። ዚነት መጥታ አየችኝ፣ አየኋት። ማልቀስ ጀመረች። ማወቄን ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት።

ወሰንኩ። ነገ ሲያንኳኩ ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ ሆኜ እከፍታለሁ። ዝም ብዬ እሰማቸዋለሁ። እታለማሁ ስንት ቀን አፍና የያዘችውን ከአፏ ትንገረኝ፤ በዚያች ሻሽ ስትቃጠል ከርማለች። ሹሩባውን አጥቤ ከሲሳይ ሸሚዝ ጋር አስቀመጥኩት። አልነግራትም።

ደብተሬ እያልኩ የምጽፍብህ የእሱ የአሥረኛ ክፍል ደብተር ነህ። ሽፋንህ ላይ ስሙን ጽፎብሃል። ወረቀት ከወረቀት ጋር ይሄዳል፣ ሥራችን ነው። አንተን ግን አልለይህም።

ሲሳይዬ፣ ነገ አለቅስልሃለሁ።