ሊንደል ሁለተኛውን ትምህርት ከጨረሰ

እኔ በኬንታኪ የፓዱካ ከተማ ነዋሪ የሆንኩት ኦዴት ክሬብትሪ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ጤነኛ መሆኑን እየመሰከርኩ፣ ዛሬ ማርች 14 ቀን 2019 ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ ለጠበቃዬ ጸሐፊ እናገራለሁ። ምስክሮቼ ጎረቤቴ አይዴላ ፕሪዊት እና ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ ክሎቪስ ታኬት ናቸው።

ለአይዴላ ምንም አልተውኩም። ምስክር አይወርስም ስላሉኝ፣ በእጄ የሰፋሁትን የአልጋ ልብስ ትናንት ሰጥቻታለሁ።

በባንክ ያለኝ ገንዘብ ለልጄ ለሎርና ይሁን። ወንድሟን እየሰደበችም ቢሆን ስታበድረው ኖራለች።

ቤቱን በተመለከተ፦ ልጄ ሊንደል የጀልባ ጥገና ሱቁ ከስሮበት፣ ዕዳው እንዲሰረዝለት በዲሴምበር ለፍርድ ቤት አመልክቷል። ሕጉ ከማመልከቱ በፊት የብድር ምክር፣ ካመለከተ በኋላ ደግሞ የገንዘብ አያያዝ ትምህርት እንዲወስድ ያዛል። የመጀመሪያውን አጠገቡ ተቀምጬ ሰማሁ። በስልክ የምትመክረው ሴት ወጪውን በየፈርጁ ስትጠይቀው የጀልባውን ነዳጅ ምግብ ውስጥ መደበው፤ ዓሣ የሚያመጣው በጀልባው ነዋ። ሴትዮዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም አባቱ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ የምስክር ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎ ተመረቅሁ ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛው ትምህርት ያው የመጀመሪያው መስሎት ነበር። ጠበቃው ግን ዛሬ ካልጨረሰ ዕዳው ሳይሰረዝ መዝገቡ እንደሚዘጋ ነገረው። ከዓመታት በፊት ራሱ የከሰረው ክሎቪስ፣ "በእኛ ጊዜ ዳኛው ገላምጦ ይለቅ ነበር፤ አሁን ለመክሰርም ትምህርት ቤት ያስገባሉ" ብሎ አሾፈበት።

ስለዚህ ሊንደል ትምህርቱን ከጨረሰ ቤቱ የእሱ ነው። ካልጨረሰ ለሎርና ይሁን፤ የአባታቸውን ቤት ለአበዳሪ አሳልፌ አልሰጥም። ይህን ስናገር እሱ ወጥ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል።

ይህም ይጻፍልኝ፦ አሁን ገባ።

"እማ፣ ጨረስኩ። ወረቀቱንም ለፍርድ ቤቱ ልከውታል።"

"ነዳጁንስ የት መደብከው?"

"መዝናኛ ውስጥ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

እንግዲህ "ካልጨረሰ" ያልኩት ይሰረዝ። ቤቱ የሊንደል ነው።

ክሎቪስ ግን አንድ ነገር አነሣ። ልጁ ካመለከተ ስድስት ወር ሳይሞላ ከሞትኩ ውርሱን አበዳሪዎቹ ይወስዱታል አለ። ጸሐፊዋም እውነት ነው አለች።

"አንቺ ኦዴት፣ ለሎርና ብትሰጪው አይሻልም?" አለኝ።

"እስከ ጁን ማን ይሞታል?" አልኩት።

ቃሌ አይለወጥም። እኔ በምስክሮቼ ፊት፣ እነሱም በእኔ ፊት ፈርመናል። የአይዴላ ፊርማ የተጣመመው እየሳቀች ስለ ፈረመች ነው፤ የእሷ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ተናዛዥ፦ ኦዴት ክሬብትሪ
ምስክሮች፦ አይዴላ ፕሪዊት፣ ክሎቪስ ታኬት