ቢላዋ የተጫነው መጽሐፍ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ከበደች፤ ነቀምት።

ነገሩ የተበላሸው «እኔ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም፤ በጨቅላነቴ ለውጠውኝ ነው» ብዬ ሳነብ አክስቴ እትዬ ዋጋነሽ ከጓዳው በር ኋላ ሆነው የሰሙኝ ጊዜ ነው። ሰላምታዬን ሳላስቀድም በብስጭት ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ወንድሜን ዳባንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ እዚያ የሚደርሰው ወሬ ሌላ ቢልም።

እንደሚያውቁት ጣሊያን ከገባ ወዲህ ትምህርት ቤታችን ተዘግቷል። እኔም በአክስቴ ጓሮ የሰፈሩን ልጆች ፊደል አስቆጥር ነበር። ከዳዊት ሌላ የሚያነቡት ስላጣሁላቸው የልጆች ልብ ወለድ ጻፍኩላቸው። እናቷ ከጋኔን የሚጠብቃትን ቢላዋ ከራስጌዋ ማኖር ረስታ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ የወንዝ ጋኔኖች የለወጧት ልጅ ታሪክ ነው። ጸጉሯ በበጋም አይደርቅም፤ ከእኩዮቿ ጋር ስትጫወት እንኳ ልቧ ወንዙ ዘንድ ነው። ታሪኩን የምትናገረው ራሷ ልጅቷ ናት።

እትዬ ዋጋነሽ ግን ሰው «እኔ» እያለ በሌላ አፍ ሲናገር የሰሙት ጠበል ቦታ ብቻ ነው። «የወንድሜን ልጅ ለውጠዋታል! ይኸው ጋኔኑ በአፏ ለፈለፈ!» ብለው ጮኹ። መጽሐፌን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ከላዩ ቢላዋ ጫኑበት፤ እኔን በማግስቱ ማለዳ ወደ ጠበል ጎተቱኝ።

የጥቅምትን ብርድ ያውቁታል። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው «ማነህ? ተናገር!» ሲሉ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ደራሲ ነኝ» አልኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ደራሲ የሚባል ዛርም አለ እንዴ?» አለች። አጥማቂውም «አንተ ደራሲ፣ ልቀቃት!» እያሉ ውኃውን ጨመሩብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብረን በሳቅን ነበር። አሁን ግን ልጆቹን ወደ እኔ እንዳይመጡ ወላጆቻቸው ከለከሏቸው። ጎረቤታችን ዙሀራ ብቻ ከአጥሩ ብቅ እያለች «ልጄ መጨረሻውን ካልሰማሁ ብላ አስቸገረችኝ፤ ልጅቷ ወደ ወንዙ ተመለሰች ወይስ ቀረች?» ትለኛለች።

እትዬ በአጥማቂው ፊት «ለቆኛል» ካልኩ ሳጥኑን ሊከፍቱልኝ ነው። ካልሆነም፣ በተወለድኩ ጊዜ ቢላዋው ከራስጌዬ እንደነበረ እርስዎ እንዲመሰክሩልኝ መልእክት ልከውብዎታል። ፖስታውን ጣሊያኖቹ ስለሚከፍቱት የሁለታችንንም መልእክት የያዘው ነጋዴው ሰይፈዲን ነው።

እናቴ፣ አይመስክሩልኝ። ከሌሎቹ ልጆች የተለየሁ እንደሆንኩ ከሕፃንነቴ አውቃለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ግን ተለወጠችብኝ ብለው አያውቁም። ያልያዘኝ ምን ብሎ ይለቀኛል? ዙሀራ ከሱቋ መጠቅለያ ወረቀት ሰጥታኛለች፤ መጽሐፉን ከልቤ አውጥቼ እንደገና እጽፈዋለሁ። ልጅቷ ወደ ወንዙ አትወርድም፤ እርጥብ ጸጉሯን ይዛ ከቤቷ ትቀመጣለች።

ዳባን ሁለቱንም ጉንጩን ይሳሙልኝ። አያቴን አቶ ገሜዳን እጅ ነሥታለች ይበሉልኝ፤ እማማ አበበችንም እንዲሁ።

ከእንግዲህ ማንም ውኃ ውስጥ አቁሞ ማንነቴን አይጠይቀኝም። የእርስዎ ልጅ መሆኔንም በቢላዋ ምስክርነት አልቀበልም።

ልጅዎ ጉዲቱ
ቀራንዮ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.