የጫማ ሰፊዋ መልስ

ውድ አንተ፣

«ክቡር ጌታዬ» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። ስምህን ጻፍኩና እሱንም ሰረዝኩት። አባባ ከበርጩማው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና «ወረቀቱን ጨረሽው እኮ» አለኝ። ስለዚህ አንተ፣ በቃ አንተ ነህ። ልቤ ከትናንት ጀምሮ ቦታው ላይ አልተቀመጠም። ትናንት ከሰዓት በኋላ እናትህ እኛ ቤት መጥተው ነበር። አዎ፣ ያንተ እናት፣ እዚህ፣ ቆዳና ሰም በሚሸተው መስፊያ ቤታችን ውስጥ።

ግን ከመጨረሻው አልጀምርም። አንተ የኛን ነገር ስታወራ እኔን መልአክ ታደርገኛለህ፤ ሰምቼ ሳበቃ «ይቺ ልጅ ማን ናት?» እላለሁ። ዛሬ እኔ በቆምኩበት በኩል ልንገርህ። ከዚያ የእናትህን፣ ከዚያ ደግሞ ስትሄድ ጠይቀኸኝ ያልመለስኩልህን።

መጋረጃው የተዘጋ ሠረገላ መጀመሪያ በራችን ላይ ሲቆም ሬሳ ያመጡ መስሎኝ ነበር። የቤታችሁ አዛዥ ቀድሞ ገባ። ጓንቱን ሳያወልቅ፣ ወንበር ሳይነካ፣ «እዚህ የሚታይ እግር እዚሁ ይረሳል» አለ። የአባባን ጣቶች ቁርጥማት ከያዛቸው ቆይቷልና መለኪያውን ይዤ የተነሳሁት እኔ ነበርኩ። አዛዡ ደነገጠ፤ «ሴት ልትለካቸው ነው?» አለ። አባባ ቀና እንኳን ሳይል «እጇ የኔ እጅ ነው። ካልተመቻችሁ በሩ አልተዘጋም» አለው።

ገብተህ ተቀመጥክ። ከተማው ሁሉ ስለ አረማመድህ ያወራ ነበር። ቀስ ብለህ፣ ደረትህን ነፍተህ ስትሄድ «የመስፍኑ ወራሽ ኩራቱ ከእግሩ ይጀምራል» ይሉህ ነበር። ቦት ጫማህን ሳወልቅልህ ያ ኩራት ምን እንደሆነ አየሁ። ውስጡ እንጨት፣ ብረትና ጥጥ ታጭቆበታል። በልጅነትህ ከፈረስ ወድቀህ የግራ እግርህ አጥንት አጥሮ ነው የገጠመው፤ ያንን ለመደበቅ የሰፉልህ ጫማ ደግሞ ለተመልካች እንጂ ለባለቤቱ አልታሰበም። ተረከዝህ ተልጦ ደምቷል። አንተ እግርህን አላየህም፤ የምታየው የኔን ፊት ነበር። አዝንልህ እንደሆነ፣ እስቅብህ እንደሆነ እየጠበቅክ ነበር። እኔ ግን የተናደድኩት በጫማው ነው።

«ይህን የሰፋው ሰው ጠላትዎ ነው?» አልኩህ።

ሳቅክ፤ እንደ ጌታ ከአፍንጫ አይደለም፣ ሆዱን ይዞ እንደሚስቅ ሰው። አዛዡ ሳይቀር ፈገግ ብሎ ነበር፣ ወዲያው ፊቱን አስተካከለ እንጂ።

አዲሱን ጫማ ያደረግክበትን ቀን አስበዋለሁ። ከበሩ እስከ ግድግዳው ሄድክ፤ ቀስ ብለህ፣ ጥርስህን ነክሰህ፣ የለመድከውን ሕመም እየጠበቅክ። ሕመሙ አልመጣም። ዞርክ፤ ፈጠን አልክ። ሦስተኛ ስትመላለስ ፊትህ ተለወጠ፣ ለካ እስከዚያ ሰዓት ያየሁት ያንተን ፊት ሳይሆን የሕመሙን ፊት ነበር። ምን እንደሚሰማኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ወዲያው ወለሉ ላይ የተበታተነ ቆዳ መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ለቅሜ ስጨርስ መልሼ በተንኩትና እንደገና ለቀምኩት።

ከዚያ ወዲያ መለካቱ አላልቅ አለ። አንዴ ጠበበ፣ አንዴ ሰፋ፣ አንዴ ደግሞ «እንዲሁ ላሳያችሁ ብዬ ነው»። አባባ አንድ ቀን ክሩን በሰም እያሸ «ሰውየው ሦስት እግር አለው እንዴ?» አለኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ወስፌ ፈለግሁ፤ ወስፌው እጄ ላይ ነበር።

«እርስዎ አትበይኝ» ያልከኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ። «አንተ በይኝ። እንደሆንኩት ሆኜ ያየሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አልክ። አንተ ማለት አፌ ላይ አልዞር አለኝ፣ እርስዎ ካልኩ ደግሞ ቅር ሊልህ ነው። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ጫማውን ሰው አድርጌ ማውራት ጀመርኩ።

«ጫማው ተመቸው? ጫማው ይቀመጣል ወይስ ይቆማል? ጫማው ነገም ይመጣል?»

አንተም ሳትስቅ «ጫማው ነገ ይመጣል። ከነገ ወዲያም ይመጣል» አልክ።

ስትሄድ መስኮቱ ጋ ቆሜ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» እያልኩ ተለማመድኩ። አባባ ከውስጥ «ማንን ነው የምትሳደቢው?» አለኝ።

ከዚያ የመታጨትህ ግብዣ መጣ። አባትህ የአንድ ሌላ መስፍን ልጅ መርጠውልህ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሀገር ምድሩ ተጠርቷል። ለግብዣው ጫማ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ በየስፌቱ እያለቀስኩ ሰፋሁት ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም፣ እልኸኛ ነኝና ከሠራሁት ሁሉ አሳምሬ ሰፋሁት። አዛዡ «ድንገት አንድ ነገር ቢላላ» ብሎ ከነመዶሻዬ በአሽከሮቹ በር አስገባኝ። ትሪ ከሚያመላልሱት ሰዎች መሐል ቆሜ እጮኛህን በበሩ ክፍተት አየኋት። ክፉ እንድትሆን እንዴት እንደተመኘሁ። አልሆነችም። ቆንጆ ናት፣ ደክሟታል፣ ጫማዋም ጠቧታል።

ድንገት ከአዳራሹ ወጥተህ ፊቴ ቆምክ።

«የቱ ጋ ላላ?» ብዬ ተንበረከክሁ።

«ሁለቱንም አውልቂልኝ።»

ሥራዬ ተበላሸ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። አንተ ግን በካልሲ ብቻ ቀረህና በሩን በሰፊው ከፍተህ ወደ ውስጥ ተመለስክ። ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ አቆሙ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እያነከስክ እስከ አባትህ ወንበር ድረስ ሄድክ። ማንንም አልተደገፍክም።

«አባቴ፣ እግሬ ይሄ ነው» አልክ። «ደብቄ ኖርኩ፤ ደከመኝ።» ወደ ልጅቱ ዞረህ ዝቅ ብለህ ይቅርታ ጠየቅክ። ከዚያ «የምወዳት ሰው አለች። እዚያ በር ላይ ቆማለች» አልክ።

አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞረ። እኔ ሁለቱን ጫማ እንደ ዶሮ ብብቴ ስር አድርጌ ቆሜያለሁ። አንተ ያላየኸውን ልንገርህ፤ ሰው ሁሉ እኔ ላይ ሲያፈጥ እጮኛህ ብቻ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አላላች፤ ረጅም ትንፋሽም ተነፈሰች።

በዚያው ሳምንት አባትህ «ልቡ እስኪመለስ» ብለው ድንበር ላይ ወዳለው ርስታቸው ላኩህ። ስታልፍ ሠረገላውን በራችን ላይ አስቆምክ። «ምንም የሌለኝ ሰው ሆኜ ብመለስ ታገቢኛለሽ?» አልከኝ። ዝም አልኩህ። አባባ በሩ ላይ ስለነበር አይደለም፤ ስላልወደድኩህም አይደለም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገርከው ልብህ ግሎ ነው፣ ድንበር ላይ ብርዱ ሲመታህ ምናልባት ይበርድልሃል አልኩ። ያኔ አዎ ብልህ፣ ብትጸጸት እንኳን ቃልህን ላለማጠፍ ብለህ ትመለስ ነበር። በቃል ታስረህ እንድትመጣ አልፈለግሁም። ወደህ ና ወይም ወደህ ቅር ብዬ ነው። ክረምቱን ሙሉ ግን ሠረገላ ባለፈ ቁጥር መርፌ ጣቴ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ወደ ትናንት ልምጣ። እናትህ ያለ አዛዥ ነው የመጡት። በሩ ላይ ቆመው «የጫማ ሰፊው ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አባባ ለመነሳት ሲታገል «ይቀመጡ፣ ግድ የለም፣ ይቀመጡ» አሉት። አባባ ከትልቅ ሰው አፍ እርስዎ ተብሎ አያውቅምና ሌላ ሰው የገባ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

እንድተውህ ሊያዙኝ የመጡ መስሎኝ መልሴን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን መደርደሪያውን ሲቃኙ ቆዩና «የሱ የትኛው ነው?» አሉ። ጫማህን የምሰፋበትን፣ ከእንጨት የተጠረበውን የግራ እግርህን ቅርጽ አውርጄ ሰጠኋቸው። በርጩማ ስበው ተቀመጡና ጓንታቸውን አወለቁ። ጭናቸው ላይ አድርገው ከተረከዙ እስከ ጣቶቹ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ከወደቀበት ቀን ጀምሮ አሳይቶኝ አያውቅም» አሉ። «ሐኪሞቹ አይተውታል፣ አባቱ አይተውታል። እኔ ስገባ አንሶላውን ይስብ ነበር። ያመዋል?»

«ድሮ ያመው ነበር፣ እመቤቴ። አሁን ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው።»

«ላንቺ እንዴት አሳየ?»

«ጫማ ሰፊ ስለሆንኩ ይመስለኛል።»

«አይደለም» አሉ። ቅርጹን ሳያስቀምጡ ሁሉንም ነገሩኝ። ርስቱም ማዕረጉም ለታናሽ ወንድምህ እንደተሰጠ። አባትህ «ያቺን ልጅ ትተህ ተመለስ፣ አለዚያ ቅር» ብለው እንደላኩብህ። አንተም «ወንድሜ ከኔ የተሻለ ፈረሰኛ ነው፣ ይመቸዋል» ብለህ እንደመለስክ። ቅዳሜ እንደምትገባ፤ ወደ እነሱ ቤት ግን እንዳልሆነ።

ሳላስበው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ እሳቸው ፊት።

አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅዎ ምን ሥራ ይችላል?»

እናትህ አሰቡ። የምራቸውን አሰቡ። «ፈረስ ይጋልባል። ሦስት ቋንቋ ይናገራል። እ... ብዙ ይበላል።»

«ቋንቋውን ለሰው ማስተማር ይችላል?»

«አዎ፣ ወንድሙን ያስተማረው እሱ ነው።»

«እንግዲያው አይራብም» አለ አባባ። «ግን አንድ ነገር። ልጄ በጓሮ በር አትገባም። እሱም እዚህ ሲመጣ መጋረጃ አይዘጋም።»

«አይዘጋም» አሉ እናትህ፣ ስለ ራሱ ቃል እንደሚገባ ሰው። ሲወጡ «ሠረገላ ነጂዬን ጠዋት እልከዋለሁ፣ መንገድ ላይ ያገኘዋል። የምትይው ካለ ጻፊ» አሉኝ። ደፉን ከተሻገሩ በኋላ ዞረው «ሠርጉ ላይ ከተጠራሁ እመጣለሁ። አባቱን ግን አላውቅም» አሉ። አባባ እስኪርቁ ጠብቆ «እኚህ ሴትዮ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ማን እንደሚባሉ እንኳን ሳልጠይቃቸው ሄዱ» አለኝ።

ሠረገላ ነጂው አሁን ውጭ ቆሟል። ፈረሱ መሬቱን ይጭራል፣ እኔም ከፈረሱ አልሻልም። መልሴ ይኸው።

አዎ።

አገባሃለሁ። አሁን የመጣልኝ ሐሳብ አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ስውልም ሳድርም መልሴ አዎ ነበር። እፈራለሁ? እንዴታ፣ እፈራለሁ። የኛ ሰፈር ያወራል፣ ያንተ ሰዎች ስምህን አያነሱም። ጠዋት ውሃ የሚያቀርብልህ አሽከር የለም፤ እኔም ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ሰው አላናግርም፣ ከአሁኑ እወቀው። ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ይህን ስጽፍ ፊቴ ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግ ብሎ አልመለስ ብሎኛል፣ አባባም «በቃ፣ ጉንጭሽ ይታመማል» እያለኝ ነው።

ቅዳሜ ከተማው ስትደርስ ሠረገላህን መግቢያው ላይ ካለው ድልድይ ጋ አሰናብትና በእግርህ ና። አባባ «በሩ ላይ ተገትረሽ እንዳትጠብቂው፣ ክብርሽን ያዥ» ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ። በሩ ላይ አልጠብቅህም።

ድልድዩ ላይ እጠብቅሃለሁ።

ያንተው፣
የጫማ ሰፊው ልጅ